የአዳር እንግዳ ሲመጣ፦ የእንግዳው ክፍልና የአንቺ መኝታ

ጅዳ ውስጥ የምትሠሪ እኅታችን ሆይ፣ የአዳር እንግዳ ለአንቺ አዲስ ነገር አይደለም። ከጅዳ እስከ መካ ያለው መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከሪያድም ሆነ ከደማም፣ ከግብፅም ሆነ ከሱዳን ለዑምራ ወይም ለሐጅ የሚመጣ ዘመድ መጀመሪያ የሚያርፈው ጅዳ ባለው የወንድሙ ወይም የእኅቱ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የሐረመይን ፈጣን ባቡር ከጅዳ መካ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚያደርስ፣ ጅዳ እያደሩ መካ ደርሰው የሚመለሱ እንግዶች በዝተዋል። በረመዳን የመጨረሻ ዐሥር ቀናትና በሐጅ ሰሞን ቤቱ ይሞላል። አንጥፊ፣ አጥቢ፣ አፍዪ፣ አቅርቢ የምትባዪው አንቺ ነሽ። ክፍሉን አሳምሮ ማዘጋጀት የሚቻልበትን መንገድ እዚህ እንነግርሻለን። እንግዳው ሲተኛ አንቺ የት እንደምትተኚም አብረን እናነሣለን፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና።

ማዳም ለእንግዳ ይህን ያህል የምትጨነቀው ለምን እንደሆነ ማወቁ ሥራውን ያቀላል። በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅምሶ፣ መደቡን ለቆለት ያድራል። እዚህም መካ የሚሄዱትን ሰዎች «ዱዩፍ አር-ራሕማን» ይሏቸዋል፤ የአዛኙ አምላክ እንግዶች ማለት ነው። ሁለቱ አባባሎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ በዪ። በድሮ ጊዜ የመካ ቤተሰቦች በሐጅ ወር ክፍሎቻቸውን ለተጓዦች ለቀው ራሳቸው ወደ ላይኛው ፎቅ ወይም ወደ ጣሪያው ይወጡ ነበር። ጅዳም በመርከብ የሚመጣው ተጓዥ ሁሉ የሚያርፍባት በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በአል-በለድ ያለው የድሮው ከተማ «የመካ በር» የተባለውም በዚህ ነው። እንግዲህ አሠሪዎችሽ እንግዳ ሲቀበሉ ክብራቸውን ይዘው ነው የሚቀበሉት፤ አንድ የቆሸሸ ፎጣ ማዳምን የሚያሳፍራት ለዚህ ነው።

ክፍሉን ከመንካትሽ በፊት ጠይቂ። ስንት ሰው ነው የሚመጣው? «ከም ዴፍ?» ወንዶች ናቸው ወይስ ሴቶች? «ሪጃል ወላ ሐሪም?» ስንት ሌሊት ያድራሉ? «ከም ለይላ?» ሽማግሌ ወይም ሕፃን አብሯቸው አለ? እነዚህን ሳታውቂ ያነጠፍሽው አልጋ ሁለተኛ መነጠፉ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ልምድ ያላት ሠራተኛ የምትታወቀውም በእሱ ነው። እንግዳው ወደ መካ የሚሄድ ነው ወይስ ከመካ የሚመለስ?

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ለዑምራ ወይም ለሐጅ የሚሄድ ሰው ኢሕራም ውስጥ ይገባል። ወንዱ ሁለት ያልተሰፉ ነጭ ጨርቆች ይለብሳል፤ ሴቷ የራሷን ልብስ እንደለበሰች ትሄዳለች። ሥርዓቱን እስኪፈጽሙ ድረስ ሁለቱም ሽቶ አይቀቡም። ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ አገር የሚመጣው እንግዳ ብዙ ጊዜ ጅዳ የሚደርሰው ኢሕራሙን ለብሶ ነው። አንቺ ግን እንግዳ ስለመጣ ብለሽ ክፍሉን በዑድ ካጠንሽ፣ አንሶላውን ሽቶ ባለው ማለስለሻ ካጠብሽ፣ መታጠቢያ ቤት ጽጌረዳ የሚሸት ሳሙና ካስቀመጥሽ፣ ያከበርሽው መስሎሽ ሰውየውን ታስጨንቂዋለሽ። ስለዚህ ለሚሄደው እንግዳ የክፍሉ መስኮት ተከፍቶ አየር ይግባ፤ እጣን ይቅር፤ ሽታ የሌለው ሳሙና ይቀመጥ። እንዲህ ያለው ሳሙና ለሐጃጆች ተብሎ በፋርማሲና በሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ማዳም እንድታስገዛው ቀድመሽ አስታውሻት። የኢሕራሙን ጨርቅ እጠቢ ከተባልሽ ለብቻው፣ ሽቶ በሌለው ሳሙና እጠቢው፤ ዳውኒና ኮምፎርት አይግባበት። ቡናው ውስጥ ዛፍራን መግባቱን የማይወዱም አሉ፤ እሱንም ጠይቂ። ሥርዓቱን ጨርሶ ሲመለስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ መብኸራው ይቀጣጠል፣ ጥሩው ፎጣ ይውጣ፣ ሽቶውም ይቅረብ።

ስለ መብኸራ ካነሣን፣ ከሰል ከሰል ነው። አገር ቤት ከሰል ይዘው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። በጅዳ ሁሉም መስኮት ዝግ ነው፤ ኤሲ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ኤሲ ደግሞ የከሰሉን መርዝ አያወጣም። ክፍሉን አጥነሽ ስትጨርሺ መብኸራውን አውጪው። ክፍሉ ውስጥ ትተሽው አትሂጂ፤ ሕፃን ካለ ደግሞ ወለል ላይ አታስቀምጪው።

ወደ ጽዳቱ እንምጣ። ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሯ እርጥብ ነው፤ ለወራት ተዘግቶ የከረመ የእንግዳ ክፍል ይታፈናል፤ ፍራሹና ቁም ሳጥኑ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። ሽታውን በሽቶ ለመሸፈን አትሞክሪ። ከሁለት ቀን በፊት ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ አናፍሺው፤ ፍራሹን በጠርዙ አቁሚው። ፍራሽ ብቻሽን አትገልብጪ። ትልቅ ፍራሽ ወገብ ይሰብራል፤ ሾፌሩን ወይም ከልጆቹ ትልቁን እንዲያግዝሽ ጠይቂ። የኤሲውን ማጣሪያ አውጥተሽ በውኃ ታጥቢና ሲደርቅ ትመልሺዋለሽ፤ ብዙ ሰው «ኤሲው አይቀዘቅዝም» የሚለው ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ሳለ ነው። ከውጭ ያለውን የኤሲ ክፍል ግን አትንኪ። መስኮትም ከውስጥ የሚደርስልሽን ያህል ብቻ ጥረጊ። ከፎቅ መስኮት ወጥተው ሲያጸዱ ወድቀው የሞቱ እኅቶች አሉ፤ ምንም ቢሉሽ አትውጪ።

ሌላው አደጋ መታጠቢያ ቤት ነው። ክሎሮክስ ለብቻው ያጸዳል፤ ፍላሽ የሚሉት የሽንት ቤት አሲድም ለብቻው ያጸዳል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣቸዋል። ክሎሮክስን አሞኒያ ካለበት የመስተዋት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንደዚያው ነው። የቸኮልሽ ዕለት «ሁለቱን ባደርገው ቶሎ ይነጣል» የሚል ሐሳብ ይመጣልሽ ይሆናል፤ ተዪው። አንዱን ተጠቅመሽ በብዙ ውኃ ካለቀለቅሽ በኋላ ነው ሌላው የሚነሣው፤ በሩም ክፍት፣ ማራገቢያውም እየሠራ ይሁን። ጉሮሮሽን ካቃጠለሽና ሳል ከያዘሽ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጪ፤ መተንፈስ ካስቸገረሽ 997 የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር ነው።

የአልጋው ነገር ረጅም ወሬ አይፈልግም። አንሶላ «ሸርሸፍ»፣ ትራስ «ሙኸዳ»፣ ብርድ ልብስ «በጣኒያ» ነው፤ «ፉጣ» ደግሞ የእኛው ፎጣ መሆኑን ሳትሰሚው አልቀረሽም። አንሶላው በሙቅ ውኃ የታጠበ፣ በደንብ የደረቀና የተተኮሰ ይሁን፤ እርጥበት ያለው አንሶላ በኤሲ ክፍል ውስጥ ይገማል። ለአንድ ሰው ሁለት ትራስ፣ አንዱ ጠንከር ያለ፣ ቢደረግ ጥሩ ነው። እዚህ አገር ሰው ኤሲውን በጣም አቀዝቅዞ ወፍራም ብርድ ልብስ መልበስ ይወዳል፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ኤሲውን እንግዳው ከመግባቱ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ክፈቺው። በረመዳን ሰው ሌሊት ነቅቶ ቀን ስለሚተኛ መጋረጃው ብርሃን የማያሳልፍ መሆኑን እዪ። አሮጌ ቤት ከሆነ 110 እና 220 የሆኑ ሁለት ዓይነት ሶኬቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለእንግዳው ስልክና ካውያ የትኛው እንደሚሆን ማዳምን ጠይቀሽ እወቂ፤ ባልተገባ ሶኬት ተሰክቶ የተቃጠለ ዕቃ መዘዙ አንቺ ላይ እንዳይመጣ።

ውኃ! እንግዳ ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚያልቀው ውኃ ነው። ብዙ ቤት ታንከር አለው፤ ሲያልቅ «ዋይት» የሚሉት የውኃ ቦቴ ይጠራል፤ በሐጅና በበጋ ደግሞ ዋይቱ ወረፋ አለው። እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ታንከሩ እንዲታይ ለሾፌሩ ወይም ለበዋቡ ንገሪ። በበጋ ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር የሚወርደው «ቀዝቃዛ» ውኃ ራሱ እንደሚያቃጥል አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን አያውቅም። ሕፃን ወይም ሽማግሌ ካለ ቀድመው በእጅ እንዲሞክሩት ንገሪያቸው። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው የውኃ ቱቦ፣ ሸጣፉ፣ እንዳያንጠባጥብ ፈትሺ። ለሽማግሌ የሚሆን የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ በሌሊት የምትበራ ትንሽ መብራት፣ የመታጠቢያ ቤት ጫማ፤ ይህ ሁሉ ርካሽ ነገር ነው፤ ግን ሰውን ከመውደቅ ያድናል።

በክፍሉ ውስጥ የስግደት ምንጣፍ፣ ሰጃዳ፣ ታጥፎ ይቀመጣል። እንግዳው ወደ የት እንደሚሰግድ ከጠየቀሽ፣ ከጅዳ መካ ያለችው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ባሕሩ ከኋላ ይሆናል። (እኛም ስንጸልይ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ማዞራችን ሲገጥም ደስ ይላል።) አንዳንድ ቤተሰብ የአልጋው እግርጌ ወደዚያ አቅጣጫ እንዳይሆን ይጠነቀቃል፤ አልጋ ከማንቀሳቀስሽ በፊት ጠይቂ። ቁርኣን ካለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፤ በላዩ ምንም አይቀመጥ፤ ወለልም ላይ አይውረድ። ሙስሊም ካልሆንሽ እንድታነሺው የማይፈልጉ ስላሉ፣ መደርደሪያውን ልታጸጂ ስትይ ማዳም ራሷ እንድታነሣው ብትነግሪያት አክብሮትሽን ታያለች። ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ውኃም ባየሽ ቁጥር አትድፊ። ዘምዘም ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከመካ ተሸክሞ ያመጣውን ውኃ አበባ ላይ ያፈሰሰች ሠራተኛ ቀኑ አይቀልላትም።

ከሐጅ የሚመለስ እንግዳ እንግዳ ብቻ ሳይሆን በሽተኛም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በመካ ታላቁ መስጊድ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ሐጅ ከ1,300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ከቴምርና ከቡና በፊት ውኃ ይቅረብ። እግሩ የቆሰለ ስለሚሆን ሳፋና ለብ ያለ ውኃ ብታቀርቢ፣ እናትሽ ቤት ያየሽውን እግር ማጠብ ማንም አይንቀውም። ግን ሥራሽ ውኃውን ማቅረብ ነው፤ የወንድ እንግዳ እግር እጠቢ ብትባዪ ማዳምን ጥሪ። ሰውየው ከተደናገረ፣ ቆዳው ግሎ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ዕረፍት ይሻለዋል ብለሽ አትተዪው። ቤቱን ቀስቅሺ፤ አምቡላንስ ይጠራ።

አሁን ብዙ እኅቶች ችግር ውስጥ የገቡበትን ነገር እንናገር። እንግዳ ወርቋን ታወልቃለች፤ ገንዘቧን ትራስ ሥር ታደርጋለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች። ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ክፍሉን ያጸዳው ሰው ነው። እንግዳው ከገባ በኋላ ክፍሉን ስታጸጂ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፤ ቢቻል እንግዳዋ ወይም ማዳም ባሉበት ይሁን። ሻንጣ አትክፈቺ፤ ልብስ አጣጥፊልኝ ካለችሽ እሷ ባለችበት አጣጥፊ። ቀለበት ወይም ብር ካየሽ በእጅሽ ይዘሽ አትዙሪ፤ ባለበት ትተሽ ማዳምን ጥሪና አሳያት። እንግዳው ብቻውን ያለ ወንድ ከሆነ ወደ ክፍሉ አትግቢ። ሻይ ወይም ፎጣ ከፈለገ ልጆቹ ወይም ባባ ያድርሱለት። «ነውር ነው» ብለሽ ዝም አትበዪ፤ ማዳም ራሷ ብታስብበት የማትፈልገው ነገር ነው።

የእንግዳ ብዛት ሲጨምር ደግሞ መጀመሪያ የምትነሣው አንቺ ነሽ። ክፍልሽ ለልጆቹ ይሰጥና አንቺ ኩሽና ወይም ሳሎን፣ ሰው በሚያልፍበት እንድትተኚ ይደረጋል። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ማዳምን «ፌን አናም?» በዪያት፤ «የት ነው የምተኛው?» ማለት ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ የቤቱን የመኝታ ድልድል እየጠየቅሽ ነው። ክፍልሽን መልቀቅ ግድ ከሆነ ከሴቶች ጋር፣ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ ክፍል ይሁን። ፓስፖርትሽን፣ ኢቃማሽን፣ ስልክሽንና ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ይዘሽ ሂጂ፤ እንግዳ በሚተኛበት ክፍል አትተዪው። ሌሊት የሚነካሽ ወይም በርሽን የሚያንኳኳ ካለ ጩኺ፤ ማዳምን ቀስቅሺ። በጅዳና በመካ የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩ 911 ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። የሳዑዲ የሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 አይበልጥም፤ በየቀኑ ቢያንስ 8 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት፣ በሳምንት ደግሞ 24 ሰዓት ሙሉ ዕረፍት አለሽ። ደንቡ ለእንግዳ ብሎ አይለወጥም። ግን ሕግ ጠቅሶ በእንግዳ ፊት መሟገት የሚያዋጣ አይመስለንም። የሚሻለው ቀድሞ ሰዓት ማለዋወጥ ነው፦ «እንግዶቹ ከመካ ሌሊት ሲመለሱ እራት አቀርባለሁ፣ ሰሑርም አቀርባለሁ፤ ጠዋት ግን እስከ አራት ሰዓት ልተኛ» ማለት። (አራት ስትዪ በእነሱ ዐሥር መሆኑን አትርሺ፤ በዚህ ብቻ ስንት ጠብ ተነሥቷል።) የሳምንት ዕረፍትሽ ለእንግዳ ከተዘለለ የሚተካበትን ቀን ያኔውኑ ተነጋገሪና በስልክሽ ጻፊው። ንግግር ካልሠራ የሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው፤ ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራልም አለ።

ስለ መካ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ወደ መካ ከተማ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም፤ ከጅዳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ምልክቱ ተሰቅሏል፤ ሌላው ሰው በሌላ መንገድ ወደ ጣኢፍ ያልፋል። ደላላ በፓስፖርቷ ላይ ስሟን ለውጦ የላካት ክርስቲያን እኅት ስትኖር፣ ቤተሰቡ «የአክስቴን ቤት ለእንግዶች እናዘጋጅ» ብሎ መኪና ላይ ሊያሳፍራት ይችላል። ኬላ ደርሶ ከመናገር ቤት ሳሉ መናገር ይሻላል፤ ማዳምን ብቻዋን ስታገኚያት፣ በረጋ ድምፅ። ቤተሰቡ ሄዶ አንቺ ጅዳ ስትቀሪ ደግሞ ቁልፍ፣ የሚበላ ነገርና የሚሠራ ስልክ ሳይተዉልሽ እንዳይወጡ ጠይቂ፤ ከውጭ ተቆልፎብሽ ማደር እሳት ቢነሣ ሞት ነው።

ሙስሊም ለሆንሽው እኅታችንም ጥንቃቄው አይቀርም። በሐጅ ሰሞን መካ ለመግባት መካ የወጣ ኢቃማ ወይም የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለቤት ሠራተኛ ፈቃዱን አሠሪው በአብሸር በኩል ያወጣል። ስምሽ ያለበትን ፈቃድ ሳታዪ መኪና ላይ አትውጪ። ያለ ፈቃድ ሐጅ ሲያደርግ የተያዘ የውጭ አገር ሰው እስከ 20,000 ሪያል ይቀጣል፤ ከአገርም ይባረራል። በአዚዚያና በመሳሰሉት የመካ ሰፈሮች ደግሞ ለሐጃጅ የሚከራዩ ሕንፃዎች አሉ። የዘመድ እንግዳ የሚያድርበትን ክፍል ማዘጋጀት የቤት ሥራሽ ነው፤ ለኪራይ የተዘጋጀ ሃያ ክፍል ማጽዳት ግን ከውልሽ ውጭ የሆነ ሌላ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው ቤት ሄደሽ እንድትሠሪ መስጠትንም ደንቡ ይከለክላል።

እንግዶቹ ሲሄዱ አንሶላውን ክፍሉ ውስጥ አታራግፊው። ከብዙ ሕዝብ ማደሪያ የመጣ ሻንጣ ትኋን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ራስጌ በስልክ መብራት እዪ፤ አንሶላውን በከረጢት ይዘሽ ቀጥታ ማሽን ውስጥ በ60 ዲግሪ አጥቢ። የተረሳ ዕቃ ካገኘሽ ለማዳም በእጇ ስጪ። ለአንቺ «ኢክራሚያ» ብለው ገንዘብ የሚተዉልሽ እንግዶችም ይኖራሉ። በእጅሽ ከሰጡሽ ተቀበይና ማዳም እንድታውቅ አድርጊ፤ አልጋ ላይ ትተውት ከሄዱ ግን የተረሳ እንደሆነ ቁጠሪውና መጀመሪያ አሳያት። ለአንቺ የተሰጠ መሆኑ ከታወቀ ያንቺ ነው፤ ከደመወዝሽ ጋር አይቆጠርም፤ ከወሩ ክፍያም አይቀነስም።